ከድስቱ ሥር የወጣችው ቀይ ዶቃ

ሰፈሩ ሁሉ «ሰፊዋ» ነው የሚላት። ልብስ ስለምትሰፋ ነው እንጂ እሷስ ነፋስ የሚወስዳት ቀጭን ሴት ናት። ባሏ እንግዳ ፊት ሊያስቃት ሲፈልግ «ስሟ ሰፊ፣ ወገቧ ጠባብ» ይላል፤ እሷም ሁልጊዜ እንደ አዲስ ትስቃለች።

የምትሠራው አንድ ትልቅ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ባለች ክፍል ውስጥ ነው። ሱሪ ታሳጥራለች፣ የተበላሸ ዚፕ ትቀይራለች፣ የመጋረጃ ጠርዝ ትቀመቅማለች። ስትሠራ ስፒሎቿን የምትሰካው ከቀሚሷ ደረት ላይ ነው። ረጃጅም ናቸው፤ ራሳቸው ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ ወይም ቢጫ የፕላስቲክ ኳስ አላቸው። ከሩቅ ለሚያያት ጌጥ ያደረገች ይመስላል። የተሰፋ ልብስ ለባለቤቱ ከመስጠቷ በፊት ገልብጣ በመዳፏ ትዳብሰዋለች፤ የተረሳ ስፒል ሰው እንዳይወጋ ብላ። በዚህ ጥንቃቄዋ ደንበኛ ሁሉ ያውቃታል። ቤቷ ስትገባ ግን ደረቷ ላይ የቀሩትን ስፒሎች ልብ ብላቸው አታውቅም። ከሰውነቷ ጋር አብረው ያደጉ ያህል ነበሩ።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ቀን ሲቀመጥ ይውላል፣ ማታ ጮማ ይወዳል። በዚያ ሰሞን መሥሪያ ቤቱ የጤና ምርመራ ሲያደርግለት ሐኪሙ ደሙ ውስጥ ስብ መብዛቱን ነገረው። «ወይ አበላልህን ታስተካክላለህ፣ ወይ ልብህ አንተን ያስተካክልሃል» አለው። ባልየው ይህን ቤት መጥቶ እንደ ቀልድ አወራው። ሰፊዋ አልሳቀችም። የገዛ አባቷ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ፣ ጋዜጣ በእጁ እንደያዘ በልብ ሕመም ነው የሄደባት። በማግስቱ ሥጋ ቤት ሄዳ ስቡ ያነሰ ምን እንዳለ ጠየቀች። ሥጋ ሻጩ የተፈጨ የቱርክ ዶሮ ሥጋ አሳያት። «ይሄ ስብ የለውም ማለት ይቻላል፤ ግን ዝም ብለሽ ከጠበስሽው ይደርቅብሻል፣ አትክልት ጨምሪበት» ብሎ መከራት።

«ቱርክ?» አላት ባሏ። «አገር ልታበይኝ ነው?»

«የቱርክ ዶሮ ነው ያልኩህ።»

«እንግዲያው ቪዛ ሳልጠይቅ ገባሁ በይኛ!»

ከእነሱ ጋር የሚኖሩ የባሏ እናት አሉ። ጥርሳቸው አልቋል፣ አንደበታቸው ግን አላለቀም። ሰፊዋ «እማማ» ትላቸዋለች፤ የልጅ ልጃቸው፣ ገና ፊደል የጨረሰችው ትንሿ ልጅ፣ «አያቴ» ትላቸዋለች። ሁለቱ ሴቶች ይዋደዳሉ። ይዋደዱ እንጂ ወጥ ቤት ውስጥ ሲገናኙ እሳትና ጭድ ናቸው።

እሑድ ለት ሰፊዋ ለሳምንቱ የሚሆን እራት በአንድ ጊዜ ሠርታ ፍሪዘር ልታስገባ ተነሣች። የሥራ ቀን ደክሟት ስትገባ ያገኙትን ጠብሰው ይበላሉና፣ የባሏን ልብ የሚያበላሸው እሱ ነው ብላለች። ሽንኩርቱን ልም አድርጋ ከትፋ በጥቂት ዘይት አቁላላች። ሥጋውን ጨምራ በእንጨት ማማሰያ እየፈረፈረች፣ አንድም ቀይ ነገር እስከማይታይ አበሰለችው። ካሮትና ዝኩኒ ፍቃ ጨመረች፤ ሥጋው እንዲበረክት የተቀቀለ ምስር፣ እንዳይደርቅ ደግሞ ብዙ ቲማቲም። ጨው እንደ መድኃኒት ቆንጥራ ነው የጣለችበት።

እሳቱን አለዝባ፣ ልጅቷ ለሰኞ የምትለብሰውን የደንብ ልብስ ጠርዝ እያሳጠረች ድስቱ አጠገብ ተቀመጠች። አንድ ስፒል ከጨርቁ ትነቅላለች፣ ደረቷ ላይ ትሰካለች፣ ብድግ ትላለች፣ ጎንበስ ብላ ታማስላለች፣ ትቀመጣለች።

ምግቡ ሲቀዘቅዝ በላስቲክ ከረጢቶች እየጨመረች፣ እንደ መጽሐፍ ጠፍጣፋ አድርጋ ፍሪዘር ውስጥ ደረደረችው። እማማ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ።

«እኔ ሳልሞት ምግቡ በረዶ ቤት ገባ!» አሉ።

«እማማ ደግሞ! አይበላሽም እኮ።»

«ስብ የሌለው ሥጋ፣ ጨው የሌለው ወጥ፣ እሱም በበረዶ። የታመመው ልጄ፣ የምቀጣው እኔ።»

ሰፊዋ ወገቧ እስኪሰበር ቆማ ውላለች። «ለልጅዎ ልብ ብዬ ነው እንጂ እኔማ ምን ቸገረኝ! በየቀኑ ይሄ ጎሎ ያ ጎሎ... ሰለቸኝ እኮ!» አለች። ካፏ ከወጣ በኋላ ራሷም ደነገጠች።

እማማ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «እሺ ልጄ። ካሁን ወዲያ አንድ ቃል አልናገርም» አሉና ወጡ።

ማታ ያንኑ ከመኮሮኒ ጋር በሉ። ባልየው ደገመ። እማማ ቀምሰው ሳህናቸውን ገፋ አደረጉ፣ ውሃ ጠጡ፣ ደህና እደሩ ብለው ተኙ። ሰፊዋ ቂም ይዘዋል ብላ አሰበች።

ሰኞ ጠዋት ባሏ ከማታው የተረፈውን በምሳ ዕቃው ይዞ ቀድሞ ወጣ። ሰፊዋ ልጅቷን ከዚያው ምሳ አሲዛ ትምህርት ቤት አድርሳ ተመለሰች፤ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ቦርሳዋን ልታነሣ ነበር። እማማ የተዘፈዘፈውን ድስት አጥበው ደፍተውታል። ሰፊዋ እጇን ልትታጠብ ቧንቧውን ስትከፍት፣ መስኮቱ ደፍ ላይ የተቀመጠች አንዲት ቀይ ነገር አየች። አንሥታ በመዳፏ አገላበጠቻት። በአንድ በኩል ቀልጣ ጠመም ብላለች። መሐሏ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ የቀጠነች ቀዳዳ አለች።

«እማማ፣ ይቺን ከየት አገኟት?»

«ከድስቱ ሥር። ተጣብቃ ነበር። የልጅቷ አምባር ዶቃ መስላኝ ነው ያስቀመጥኳት።»

ሰፊዋ ደረቷን ዳበሰች። ስፒሎቹ አሉ፤ ስንት እንደነበሩ ግን በምን ታውቃለች? ቆጥራቸው አታውቅም። የአንዷ ስፒል ራስ ይኸው እጇ ላይ ነው፤ ብረቷስ? ድስቱን ገልብጣ ዳበሰችው። የማጠቢያውን ቀዳዳ ክዳን አንሥታ ጣቷን ሰደደች። ቆሻሻ መጣያውን ወረቀት ላይ ደፍታ በታተነችው። የለም። ከቅንድብ ፀጉር የማይወፍር፣ እንደ ጣት የረዘመ፣ ጫፉ የሾለ ብረት ከምግቡ ጋር ሄዷል።

«ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ» አሉ እማማ።

«ስፒሌ... ስፒሌ ምግቡ ውስጥ ገብታለች። ልጄ ምሳ ይዛለች!»

እማማ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሰፊዋ በሩን ሳትዘጋ ሮጠች።

መንገድ ላይ ትምህርት ቤቱ ስልክ ብትደውል አይነሣም። ባሏ ጋ ብትደውል ይጠራል፣ አይነሣም፤ እየነዳ ስልክ እንደማያነሣ እያወቀች ደግማ ደጋግማ ደወለች። የአንዱ እግሯ ጫማ ሲወልቅ ተመልሳ አጠለቀችው። የምታየው ሁሉ የልጅቷን ጉሮሮ ነበር። ያቺ ቀጭን አንገት፣ ውሃ ስትጠጣ ከፍ ዝቅ የምትለው።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በሩን ገርበብ አድርጎ «እናት፣ በትምህርት ሰዓት ወላጅ አይገባም» አላት።

«ወንድሜ፣ የልጄ ምሳ ውስጥ ስፒል አለ!»

«ምን አለ?»

«ስፒል! የሚወጋ!»

ሰውየው ደረቷ ላይ የተሰኩትን ስፒሎች አየ፣ ፊቷን አየ፣ ሌላ ቃል ሳይጨምር በሩን በረገደው። ከኋላዋም እሱ ራሱ ተከትሏት ሮጠ።

ልጅቷ ከክፍሏ ስትወጣ እናቷን አይታ ፈራች። «እማዬ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምሳሽን በልተሻል? ቀምሰሻል? እውነቱን ንገሪኝ!»

«ገና አልደረሰም እኮ። ምሳ ዕቃው አልተከፈተም።»

ሰፊዋ ግድግዳው ላይ ተደገፈች። ከዚያ ደግሞ የትናንቱ እራት ትዝ አላትና ልጅቷን ብርሃን ላይ አቆመቻት። «ዋጪ እስቲ። ያምሻል? ሆድሽንስ?» ልጅቷ ዋጥ አደረገች፤ «አያመኝም» አለች፤ ከዚያ እናቷ ስታለቅስ አይታ አለቀሰች። መምህሯ ዳቦ እንደምታበላት ቃል ገብታ ወደ ክፍል መለሰቻት። ሰፊዋ ምሳ ዕቃውን እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ከፍታ መኮሮኒውን አንድ በአንድ በጣቷ ከፈለችው። ምንም የለም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን እዚህ ከሌለ ሌላ ቦታ አለ ማለት ነው።

ወደ አውቶቡስ ማደሪያው በታክሲ ሄደች። ስምሪት ክፍል ውስጥ ከሾፌሮች ጋር በሬዲዮ የሚነጋገር ወፍራም ሰው ሻይ ይጠጣል። ነገሩን ነግራው ሳትጨርስ ሬዲዮውን አፉ ላይ አደረገ።

«ትሰማኛለህ? ባለቤትህ እዚህ ናት። ምሳህን እንዳትበላ ብላለች። ይሰማል? ምሳህን አትብላ!»

ሬዲዮውን የከተማው ሾፌር ሁሉ ይሰማዋል። ከዚያ አንዱ «ወንድሜ፣ ምን ብታደርጋት ነው?» ሲል፣ ሌላው «መርዙን ጨምራ ተጸጽታ ነው» ሲል ተሰማ። ባልየው ግራ በገባው ድምፅ «አልበላሁም። ደግሞ ምን ሆነ?» አለ።

ሰፊዋ ሬዲዮውን ከሰውየው እጅ ነጠቀች። «ስፒል ነው! ምግቡ ውስጥ ስፒል ገብቷል! አንተን አያምህም? ትናንት ደግመህ በልተሃል!»

«እኔን ምንም አይለኝም» አለ ባሏ። ከዚያ በኋላ ማንም አልቀለደም። ባሏ አውቶቡሱን ዳር አቁሞ ምሳ ዕቃውን በታተነ፤ እሱም ውስጥ የለችም።

ቤት ስትደርስ ፍሪዘሩን ከፈተችው። ከረጢቶቹን ሁሉ አውጥታ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከረቻቸው። ስፌት ቤት ወለል ላይ የወደቁ ስፒሎች የምትለቅምበት ማግኔት ነበራት፤ እሱን በላስቲክ ጠቅልላ፣ የሟሟውን ምግብ በየተራ ሰፊ ትሪ ላይ እየደፋች እንደ እርሻ አረሰችው። ማግኔቱን ታነሣለች፣ ታያለች፣ ቲማቲም ብቻ። ከዚያ ለማግኔቱ አላምን ብላ በጣቶቿ ፈተሸችው። ጣቷን እንዲወጋት ትለምን ነበር። «ውጊኝ፣ እዚህ ሁኚ፣ እባክሽ ውጊኝ» ትል ነበር ድምፅ አውጥታ። የመጨረሻውን ጨርሳ ትሪው ላይ የቀረውን ስታይ፣ መፈለጊያ ቦታ አልቆባት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ትናንት ማታ ከበሉት ከአራቱ አንዱ ሆድ ውስጥ ነው። ወይ ልጅቷ፣ ወይ ባሏ፣ ወይ እሷ ራሷ፣ ወይ...

ቀና ስትል እማማ በሩ ላይ ቆመዋል። አንድ እጃቸው ጉሮሯቸው ላይ ነው።

«ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ልጅቷንም ልጄንም አታስጨንቂ። እኔ ጋ ነች።»

«ምን?»

«ትናንት ስበላ ጉሮሮዬን ወጋችኝ። አጥንት መስላኝ በውሃ አወረድኳት። ሌሊቱን እዚህ ስትጠዘጥዘኝ ነበር፤ አሁን ወደዚህ ወርዳለች» ብለው ከደረታቸው በታች ጠቆሙ። ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሱ ሰፊዋ ያን ጊዜ ነው ልብ ያለችው።

«እማማ! ለምን አልነገሩኝም?»

«አንድ ቃል አልናገርም ብዬ የለ? ደግሞ አጉረመረመች እንዳትይኝ ፈራሁ። ጠዋት ስፒል ስትይ ደግሞ... እንጃ። ልናገር አፌ እምቢ አለኝ። አንቺም ሮጠሽ ወጣሽ።»

ሰፊዋ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ጎትተው አነሷት። «እሱን በኋላ። አሁን ሐኪም ቤት ውሰጂኝ። ፈርቻለሁ።» እኒያ ሴት ፈራሁ ሲሉ የሰማችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ወንበር አጥተው ቆሙ። ነርሷ ነገሩን እንደሰማች ሰው አስነሥታ አስቀመጠቻቸውና ራጅ እንዲነሡ ወዲያው ወሰደቻቸው። ሰፊዋ ምስሉን ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አየችው። በእማማ የጎድን አጥንቶች ሥር፣ በጭጋጉ መሐል፣ ቀጥ ያለች ነጭ መስመር። የራሷን ዕቃ እንዴት ታጣዋለች? አየቻት።

«ጨጓራ ውስጥ ነው ያለችው» አለ ሐኪሙ። «ሹል ስለሆነች በራሷ ትወጣለች ብለን አንጠብቅም። ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፋቸው አስገብተን እናወጣታለን። ማደንዘዣ እንሰጣቸዋለን።»

«ከዚያ በፊት ብትወጋቸውስ?»

ሐኪሙ አላባበላትም። «የምንፈራው እሱን ነው። ለዚህ ነው የማንዘገየው።»

እማማ የሆስፒታል ልብስ ለብሰው፣ አልጋ ላይ ሲጋደሙ የሚያክሉት ልጅ ነበር። ሰፊዋ እጃቸውን ያዘች፤ ቀዝቅዟል።

«ልጄ ልብስ ሰፊ ላገባ ነው ሲለኝ» አሉ፣ «ሆዴን ልትሰፋልኝ እንደሆነ አልነገረኝም።»

ሰፊዋ መሳቅ አቃታት።

«ስሚኝማ። ይሄ ነገር ባይሆንልኝ...»

«እንደሱ አይበሉ እማማ!»

«ዝም ብለሽ ስሚ። ባይሆንልኝ፣ ስፒሏን ራሴ ነኝ በስህተት የዋጥኳት ብዬሻለሁ። ልጄን ነጠላቸው ላይ ሰክተዋት ነበር በይው። እሱ ሆደ ባሻ ነው፤ አንቺን ባየ ቁጥር እንዲያስታውሰኝ አልፈልግም።»

ነርሷ መጥታ አልጋውን ገፋችው። በሩ ተዘጋ። ሰፊዋ ኮሪደሩ ላይ ብቻዋን ቀረች፤ እማማ የሰጧት ቃል እጇ ላይ እንደ ፍም ነበር።

ከስምሪት ክፍሉ መልእክት ደርሶት ባሏ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ እየሮጠ መጣ። «እናቴስ?»

ያን ውሸት ለማውጣት አንድ ትንፋሽ በቂ ነበር። አላወጣችውም። «እኔ ነኝ» አለችው። «ድስቱ ላይ ሳጎነብስ ከደረቴ ወድቃ ነው። እኔ ነኝ ያበላኋቸው።»

ባሏ ፊቷን ሳይሆን ደረቷን ነበር የሚያየው። ስፒሎቹ አሁንም እዚያው ናቸው፤ ጠዋት ለብሳቸው ትምህርት ቤት፣ ማደሪያው፣ ሆስፒታል ስትዞር ውላለች። ባሏ ቆቡን አውልቆ በአንድ እጁ ያዘ። በሌላው ስፒሎቹን አንድ በአንድ፣ እየተጠነቀቀ፣ ከቀሚሷ ነቀለና ቆቡ ውስጥ ጨመራቸው። ጨርሶ አጠገቧ ተቀመጠ። ትከሻው ትከሻዋን ነካ። ከዚያ በኋላ የቆዩት ቆይታ ምን ያህል እንደነበር አንዳቸውም አያውቁትም፤ በር በተከፈተ ቁጥር ሁለቱም ብድግ ይላሉ፣ የሌላ ሰው ሐኪም ይሆናል፣ ይቀመጣሉ።

በመጨረሻ የእነሱ ሐኪም ወጣ። በእጁ ትንሽ የፕላስቲክ ብልቃጥ ይዟል፤ ውስጧ ጥቁር፣ ቀጭን፣ ራስ የሌላት ስፒል አለች። «ወጥታለች» አለ። «ጨጓራቸውን ጫር አድርጋዋለች እንጂ አልበሳችውም። ነገ ቤታቸው ይገባሉ።» ብልቃጡን ለሰፊዋ ሲሰጣት ወደ ኋላ አፈገፈገች። ባሏ ተቀበለ።

እማማ በማግስቱ ገቡ፤ ለጥቂት ቀናት የላመና የቀዘቀዘ ነገር ብቻ ቀመሱ። ሰፊዋ ግን እሷ ናት የታመመችው የሚመስል። አፏ ያስገባችውን አድቅቃ አድቅቃ ታኝካለች፣ ከዚያም መዋጥ ትፈራለች። ልጅቷ ስትበላ ማየት አትችልም፤ ፊቷን ታዞራለች። ስፌት ቤት ለስፒሎቿ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ገዛች፤ ጠዋትና ማታ ትቆጥራቸዋለች፤ ልክ ሆነውም ደግማ ትቆጥራለች። ወጥ ቤት ከመግባቷ በፊት ልብሷን ቀይራ፣ መስታወት ፊት ቆማ ራሷን በመዳፏ ከአንገት እስከ ጉልበት ትዳብሳለች።

ብዙ ሳምንት ካለፈ በኋላ እማማ ራሳቸው ናቸው ነገሩን ያነሡት። «ያ የቱርክ ዶሮ የት ደረሰ? ልጄ እኮ ተመልሶ ጮማ መብላት ጀምሯል።»

ሰፊዋ እምቢ አለች። እማማ ሥጋውን ራሳቸው ሄደው ገዙ። ሽንኩርቱን ሁለቱ ተቀምጠው ከተፉ፤ እሷ ስታማስል እማማ ከድስቱ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ «ጨው አነሰ» አሉ፣ «ካሮቱ በዛ» አሉ። ከቀዘቀዘ በኋላ ከረጢት ሲሞሉ፣ እሷ ስትይዝ እሳቸው ጨመሩ፤ ፍሪዘሩን የዘጉትም እሳቸው ናቸው።

ማታ ገበታ ላይ ሳህኑ ሲቀርብ ማንም ማንኪያ አላነሣም። ባልየውም፣ ልጅቷም፣ ሰፊዋም እማማን ያያሉ። እማማ አንድ ማንኪያ ዛቅ አድርገው ጎረሱ። በድዳቸው አላመጡ። ዋጡ።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ?» አሉ። «ይበርዳል፣ ብሉ እንጂ!»

ልጅቷ ሳቀችና መብላት ጀመረች። ባልየው ጎረሰ። ሰፊዋ ማንኪያዋን አነሣች፤ ከአፏ ደጃፍ ስትደርስ እጇ ቆመ። ምራቋን ዋጠች። ከጠረጴዛው ሥር የባሏ ጉልበት ነካት። ዓይኗን ጨፍና ጎረሰች፣ በምላሷ እያገላበጠች፣ ቀስ ብላ ማኘክ ጀመረች።